ሄልሚን ለሃያ አራት ሰዓት እንድናጠፋ ለጠየቁን ክቡር ኃላፊ

ለክቡር አቶ ላሪ ሬንቫል
የኮስኪላምፒ ከተማ የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ይህ የጥቅምት ጭጋግ ጉልበትዎን እንዳልያዘው፣ የቢሮዎ ማሞቂያ ሳያስቸግር እንደሚሠራ፣ ከወንበርዎም ተነሥተው እስከ በሩ በሰላም እንደሚራመዱ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም ደህና ነኝ ልል ነበር፤ ነገር ግን ይህች ቃል ዘንድሮ ምን እንዳመጣችብን ስለማውቅ ዘልያታለሁ።

ስሜ ኪርሲ ሳሎቫራ ነው፤ የአሥራ አንድ ዓመቷ የሄልሚ እናት ነኝ። እርስዎ ልጄን በመዝገብ ቁጥሯ ያውቋታል። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ላይ የሚያነቡ ጎረቤቶች ግን ቁጥሯን ስለማያውቁ በአጭሩ ላስተዋውቃት። ሄልሚ በአገራችን ከእሷ ሌላ ሦስት ልጆች ብቻ የያዛቸው የነርቭ ሕመም አለባት። ጡንቻዎቿ ሳታዛቸው ይጠማዘዛሉ፤ እግሯ ወደ ውስጥ፣ አንገቷ ወደ ኋላ፣ ጀርባዋ ወደ ጎን ይሄዳል። ስድስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ያለ ሰው እጅ ከአልጋ ተነሥታ አታውቅም ነበር። ያን ጊዜ ሐኪሞቹ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ወደ አንጎሏ አስገቡ፤ ለሽቦዎቹ ኤሌክትሪክ የሚልክ፣ የክብሪት ሳጥን የሚያህል መሣሪያም ከአንገት አጥንቷ በታች ከቆዳዋ ሥር አኖሩ። ለውጡ በአንድ ጀምበር አልመጣም። በስምንተኛው ወር ማንኪያ ያዘች፤ በሁለተኛው ዓመት ቆመች። ዛሬ፣ ቀኑ ከቀናላት፣ ጠዋት ጠዋት ስልሳ እርምጃ ያህል ትራመዳለች። ከቀትር በኋላ ግን ሰውነቷ ይደክማል፤ መጠማዘዙም ይመለሳል። ያን ጊዜ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ትቀመጥና ትምህርቷን እዚያው ሆና ትጨርሳለች፤ ትጨርስ ነበር ማለቴ ነው። ወንበሩ አሁን እርስዎ ዘንድ ነው።

በቤታችን ማማረር ነውር ስለሆነ ከዚህ በታች የሚዘረዘረውን ሁሉ ምስጋና ብዬዋለሁ፤ እርስዎም እንደዚያው ይቀበሉልኝ።

አንደኛ፣ በነሐሴ ወር ገምጋሚዎን ወይዘሪት ሚንቱን ወደ ቤታችን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ጨዋ ልጅ ናት፤ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ለተጋገረውም ዳቦ ሁለት ጊዜ አመሰገነች። ጥፋቱ የእኛ ነው። እንግዳ ይመጣል ሲባል በዚህ አገር ምን እንደሚደረግ እርስዎም ከእናትዎ ቤት ያውቁታል፤ መስኮቱ ይወለወላል፣ ምንጣፉ ውጭ ወጥቶ ይራገፋል፣ ችግሩ ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። ሄልሚ ለእንግዳዋ ቡናውን እኔ ራሴ ካላቀረብኩ ብላ ሳምንት ሙሉ ተለማመደች። ከምድጃው እስከ ጠረጴዛው አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ ስኒው እስከ ግማሽ ብቻ ይሞላል። «እማ፣ አትያዢኝ፤ ልወድቅ ስል ብቻ ያዢኝ» ትለኝ ነበር። ወይዘሪት ሚንቱ ረፋዱ ላይ፣ በልጄ ምርጥ ሰዓት መጣች። ሄልሚም ስኒውን ይዛ አሥራ አራቱን እርምጃ ሄደች፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም።

ከዚያ ገምጋሚዎ አብሮን ወደሚኖረው አባቴ ዞር ብላ «አባባ ታውኖ፣ ኑሮው እንዴት ነው? ይከብዳችኋል?» ስትል ጠየቀችው። አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ ጫካ ውስጥ ግንድ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ግንድ እግሩን ሰብሮት ሐኪሙ «ያምሃል?» ቢለው «ይሰማኛል» ያለ ሰው ነው። እንግዲህ ለወይዘሪት ሚንቱም ሽቅብ እንኳ ሳያይ «ኧረ ምንም አይል፤ እንኖራለን» አላት። እሷም ጻፈች። እኔም አጠገቡ ቆሜ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ሁለተኛ፣ ለሪፖርቱ ትክክለኛነት አመሰግናለሁ። «ልጅቷ ያለ ድጋፍ ትራመዳለች፤ እንግዳ ታስተናግዳለች። ቤተሰቡ ችግር እንደሌለበት ገልጿል» ይላል። አንድም ሐሰት የለበትም። ያልተጻፈው በሩ ከተዘጋ በኋላ የሆነው ብቻ ነው። ሄልሚ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወደቀች፤ ጀርባዋ እንደ ደጋን ተወጥሮ እስከ ምሽት ድረስ ልናነሣት አልቻልንም። ጥርሷን ነክሳ የጠየቀችው ነገር ቢኖር «አልፈሰሰም አይደል?» የሚል ብቻ ነበር። አባቴ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀምጦ «አንዲትም ጠብታ፣ የኔ ማር» አላት። ይህን ለእርስዎ መንገር ይከብደኛል፤ ቢሆንም ልጄ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ሦስተኛ፣ በዚሁ ሪፖርት መሠረት ወንበሩን ሊወስዱ ስለመጡት ሁለት ሰዎች ትሕትና አመሰግናለሁ። እነሱም ጫማቸውን አውልቀዋል። ሄልሚ መቼ እንደሚመልሱላት ብትጠይቃቸው አንደኛው አቀርቅሮ «እኔ እኮ የማውቀው መጫን ብቻ ነው፣ የኔ እመቤት» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ በየቀኑ ከምሳ በፊት ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ትመለሳለች። የእንጨት ሥራ ትምህርት ከምሳ በኋላ ስለሆነ የጀመረችው የወፍ ቤት ጣሪያ ሳይኖረው መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። ወፎቹ ይታገሳሉ ብላለች፤ ከአያቷ የወረሰችው አነጋገር ነው።

አራተኛ፣ ለይግባኜ በስድስት ሳምንት ውስጥ መልስ ስለሰጡኝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ መልሱ ይዘት አመሰግናለሁ። የሰው አቅም የሚለካው ያለ መርጃ መሣሪያ ስለሆነ፣ ሄልሚ ዳግመኛ እንድትገመገም ከቆዳዋ ሥር ያለው መሣሪያ ከግምገማው በፊት ለሃያ አራት ሰዓት እንዲጠፋ ጠይቀው፣ ጠፍቶም መራመድ ካልቻለች ወንበሩ እንደሚመለስላት በፊርማዎ አረጋግጠውልኛል። ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበብኩት። ቀልድ ከሆነ ልስቅ ዝግጁ ነበርኩ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የመሣሪያው ባትሪ መሙያ ተበላሽቶ ለግማሽ ቀን ያህል ጠፍቶ ነበር። ጡንቻዎቿ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሡባት፤ ትኩሳቷ ከአርባ አለፈ፤ ዘጠኝ ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ መሣሪያ ተኛች። ከዚያ በኋላ ሐኪሟ መሣሪያው በምንም ምክንያት ያለ ሐኪም እንዳይጠፋ ጽፈዋል። ጽሑፉ እርስዎ ዘንድ ባለው መዝገብ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ይገኛል። በመልስዎ ገጽ ሠላሳንና ገጽ ሠላሳ ሁለትን ጠቅሰዋል።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ግን ደከመኝ። ብዙ ሰዎች ኪርሲ ተቆጥታለች ይላሉ አሉ። አልተቆጣሁም። ቁጣ ጉልበት ይፈልጋል፤ ያለችኝን ጉልበት ደግሞ ከቀትር በኋላ ልጄን ከወለል ወደ ሶፋ ለማንሣት እፈልጋታለሁ። እኔ የምጠይቀው ወንበሩን ብቻ ነው። ሰማያዊ ነው፤ በግራ መደገፊያው ላይ ሄልሚ የለጠፈችው የጃርት ሥዕል አለ፤ ከሌሎቹ መካከል ለመለየት አያስቸግርም።

አባቴም ይቅርታ እንድጠይቅለት አሳስቦኛል። ለሚቀጥለው ግምገማ እውነቱን መናገር እየተለማመደ ነው። እስካሁን «ትንሽ ይከብዳል» እስከሚለው ደርሷል፤ ይህን ሲልም ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል።

ከጊዜያችሁ ላይ ስለቀማኋችሁ ደቂቃ እርስዎንና ባልደረቦችዎን ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ፊርማዎ ሳይደበዝዝ፣ ደንብዎ ሳይጎድል፣ እግርዎም ሳይከዳዎ ረጅም ዘመን እንዲያገለግሉን ከልብ እመኛለሁ።

ችግር እንደሌለባት የተመዘገበችው፣
ኪርሲ ሳሎቫራ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ መሣሪያው የሚጠፋው በእጅ በምትያዝ ትንሽ መቆጣጠሪያ ነው። ማጥፊያዋ ግራጫ ናት፤ ከአምስት ዓመት በፊት ሲሰጡኝ ጀምሮ ተጭኛት አላውቅም፤ አሁንም አልጫናትም። ስለዚህ በሚመጣው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ እርስዎ ራስዎ መጥተው ይጫኑልን። ጫማዎን በር ላይ ያውልቁ፤ መቆጣጠሪያዋ ጠረጴዛው ላይ ትጠብቅዎታለች። ሄልሚ ቡናውን እኔ ነኝ የማቀርብላቸው ብላለች። እባክዎ ጠጥተው ሲጨርሱ ይጫኗት፤ ከጠፋ በኋላ ስኒውን ልትቀበልዎ አትችልም።