የማይለቀው ቀለም

ማርች 3፣ 1998
ዝናብ። የቆርቆሮ ሾርባ አሙቄ ግማሹን ደፋሁት። ሎዌል ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ፤ ለአንድ ሰው መጠኑን አሁንም አልለመድኩም...

ማሪሶል የምትባል ፊልም ሠሪ ደወለች። በ1950ዎቹ እሠራበት ስለነበረው የፈርጣማ ወንዶች መጽሔት ፊልም ልትሠራ ነው፤ ግማሹ በተዋናይ፣ ግማሹ በምስክር። ከመጽሔቱ ፎቶ ቤት ሠራተኞች በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ አሉ። ደስ ይበለኝ?

ማርች 9
እሺ አልኩ፤ ግን ፊቴ በጨለማ ይሁን። እህቴ አርሊን ሎዌልን እንደ ደባሌ ብቻ ነው የምታውቀው። ያለችኝ ዘመድ እሷ ብቻ። እሷንም ካጣሁ ማን ይደውልልኛል?

ማርች 17
ቀረጻ አየሁ። ለመጽሔቱ ፎቶ ይነሳ የነበረውን ሎዌልን የሚጫወተው ተዋናይ ዘይት ተቀብቶ በብርድ ይንዘፈዘፋል። ወደ እኔ ዞረ።

"ሚስተር ስትራውድ፣ እንዲህ ነበር የሚቆመው?"

"ሆድህን አትሳብ። እሱ ሲስቅ ነው ፎቶ የሚነሳው።"

መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ማርች 18
ተራዬ ደረሰ። ሥራዬን ነገርኳቸው። ራቁት ፎቶ በፖስታ መላክ ያሳስር ስለነበር በየፎቶው ላይ በውሃ በሚለቅ ቀለም ግልገል ሱሪ በብሩሽ እቀባ ነበር። ደንበኛው ቤቱ ሲደርሰው በእርጥብ ጥጥ ጠረግ...

ማሪሶል አንድ ፎቶ አውጥታ አሳየችኝ። ሎዌል!

"የዚህኛው ግን ብንፈትገው፣ ብንፈትገው አልለቅ አለን።"

"በማይለቅ ቀለም ቀብቼው ነዋ።"

"ተሳስተው?"

"አለቃዬም እንደዚያ መስሎት ነበር። ደንበኞች በደብዳቤ ሲሰድቡት፣ 'አንተ ደነዝ፣ ጠርሙስ መለየት ያቅትሃል?' ይለኝ ነበር።"

ፎቶውን ከእጇ ተቀበልኩ።

"ቀንቼ ነው፣ ልጄ። ማንም እንዲያየው አልፈለግኩም። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖርኩ። እወደው ነበር።"

ከዚያ ፊቴ ላይ መብራቱን አብሩት አልኩ። ምን ነካኝ?

ኖቬምበር 20
ፊልሙ ትናንት በቴሌቪዥን ታየ። አርሊን አልደወለችም።

ኖቬምበር 21
አልደወለችም። ስልኩ ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ ሁለቴ አንስቼ አዳመጥኩት። ይሠራል።

ኖቬምበር 24
ጠዋት ደወለች።

"ዌንደል፣ ገና በመጣ ቁጥር ለእሱ ሶፋ ላይ ነበር እኮ የማነጥፍለት።"

"አውቃለሁ።"

"ወገቡን ያመው ነበር! ያን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልከኝ?"

ፈራሁሽ ይባላል? አለቀስን።

"ዘንድሮ ፎቶውን ይዘህ ና። ከእማማ ፎቶ ጎን እንሰቅለዋለን።"

"የትኛውን?"

"ልብስ የለበሰበትን ነዋ፣ አንተ ባለጌ!"

ሳቅሁ። ስልኩን እንደዘጋሁ ሳጥኖቹን ሁሉ ዘረገፍኩ። ሸሚዝ ለብሶ የተነሳው አንድ እንኳ አይጠፋም... ስፈልግ ዋልኩ።