ሦስቱ የእርሳስ ጣሳዎች

ሰኞ፣ አዳማ

የቀለም መደብሩ ቁልፍ የእኔ ሊሆን ነው! አይ፣ ቸኮልኩ፤ ገና ነው። ባለሱቁ ሙሴ ሃኮብ ዛሬ፣ «የሦስቱን የእርሳስ ዱቄት፣ የቢጫውን፣ የቡናማውንና የቀዩን፣ ስምና ፎርሙል ጽፈሽ ጣሳው ላይ ለጥፊ። ኀሙስ ቀለም ቀቢ ይመጣል። ጣሳ ሳይከፍት ጽሑፍሽን አንብቦ ካልተሳሳተ፣ መደብሩን አንቺ ትይዣለሽ፤ ከተሳሳተ ከድሬዳዋ ሰው አስመጣለሁ» አሉኝ።

እስከ ዛሬ አቧራ ጠራጊ ነኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ! ኬሚስትሪውን በፈረንሳይኛ የተማርኩት ለመጥረጊያ ነው እንዴ?

ቢጫው ቀላል ነው፤ አንድ እርሳስ ከአንድ ኦክሲዤን፣ PbO።

ማክሰኞ

ቡናማውን Pb2O4 ብዬ ጻፍኩት። ኦክሲዤን ሌላውን የሚይዝበት ሁለት እጅ አለው፣ እዚህ ያለው እርሳስ ደግሞ አራት፤ ቁጥሩን አቀያየርኩ። ሙሴ ሳቁብኝ፤ «አጋምሺው እንጂ!» PbO2 ሆነ።

ልቤ አብጦ ቀዩንም ላጋምስ ተነሣሁ። መጽሐፉ Pb3O4 ይላል። ሦስት እንዴት ይጋመሳል? እጆቹን ብቆጥር ብቆጥር አልገጥም አሉኝ። እሱን ሳሰላ ሽሮዬ አረረ።

ረቡዕ

የጉምሩኩ ጸሐፊ አቶ ፈለቀ መጥተው «ቀይ እርሳስ አለሽ?» ቢሉኝ፣ «እንዴታ!» ብዬ ዱቄቱን በሚዛን ሰፈርኩላቸው።

«እሜቴ፣ በዚህ ልጻፍበት ወይስ ወጥ ልሥራበት?»

ለካ የመጻፊያውን ኖሯል! ሳቄ ሲበርድ ግን ደነገጥኩ፤ ዱቄቱ ቁርጥ በርበሬ ነው፣ እኔ ደግሞ የለጠፍኩት «ቀይ እርሳስ» ብቻ። ቀደድኩትና «ቀይ የእርሳስ ኦክሲድ፣ የብረት ቀለም፣ መርዝ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

እንደዚያ ስጽፍ ነው የበራልኝ። ቀዩ ሁለት ቢጫና አንድ ቡናማ ነዋ! እርሳሱ ሦስት፣ ኦክሲዤኑ አራት። የሚጋመስ ነገር የለውም። ሱቁ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። ይህንንም ከሥሩ ጨመርኩበት።

ኀሙስ

የባቡር ድልድይ የሚቀቡት ኦቦ ገመቹ መጡ። «አካም ቡልተን፣ አደ ጥሩነሽ!» ብለው በኦሮምኛ እንደምን አደሩ አሉኝ። ሙሴ፣ «ለድልድዩ ብረት የሚሆነውን አውጣ» አሏቸው።

ጣታቸውን መጀመሪያ ወደ ቡናማው ዘረጉ። ቀስ ብለው አነበቡ፣ ተዉት። ወደ ሌላው ዞሩ። «ሁለት ቢጫ፣ አንድ ቡናማ፤ አብረው ቀይ… አንድ ባል በሁለት ሚስት! ፊቱ ባይቀላ ነበር የሚገርመኝ። ይቺ ናት።»

ክዳኑ ተከፈተ። ቀይ!

ሙሴ አላመሰገኑኝም። «መርዝ የሚለውን አጉልተሽ ጻፊው» አሉና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ወዲያው አላነሣሁትም። እጄ ዱቄት ነበር፤ መጀመሪያ ወጥቼ በሳሙና ታጠብኩ። ስመለስ እዚያው ነበር።