አምስተኛው ንጉሥ

አትናቴዎስ፣

ወደ ራቤል ተዛውሬ መሄዴ ነው። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ። ጨው በዝቶበታል፤ እሱ እንኳ ሆን ተብሎ አይደለም፣ ይቅርታ።

ዝተቱን ከአልጋህ ላይ አንስቼ ወስጃለሁ።
የዘመሮን ብርድ በነጠላህ ቻለው።

እናቴ ከበጎቻችን ፀጉር የፈተለችውን ዝተት በፖከር ስትበላኝ አራት ንጉሥ ዘርግተህ ነበር። አምስት ካርታ ታድሎት አራቱም ንጉሥ አንድ ሰው እጅ የሚገባው ከሃምሳ አራት ሺህ ጊዜ አንዴ ነው። የሒሳብ መምህር መሆኔን ረሳኸው። ብጠረጥርህ አከራያችን ጋሽ ጫኔ ፊት በመድኃኔዓለም ማልክ። እኛ ዘንድ የማለ ሰው ዳግም አይጠየቅምና ዝተቱን አስረከብኩህ።

እሑድ ግን ቀይ ልብ ያለበትን ንጉሥ ከካርታው አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት። የቀሩት ሦስት ናቸው። ትናንት እንደገና አራት ንጉሥ ስትዘረጋ ፈገግ ብዬ የተሸነፍኩልህ ለዚያ ነው። የዚህኛውን ዕድል ማስላት አላስፈለገኝም፤ ዜሮ ነው።

የኔን ቁልፍ ለጋሽ ጫኔ ሰጥቻቸዋለሁ። ቀዩን ንጉሥም አብሬ። ካርታውን ይዞ ይምጣ ብለዋል፤ ንጉሦቹን አንተው ትቆጥርላቸዋለህ።

አምስተኛው ላይ ስትደርስ በመድኃኔዓለም ማልላቸው።

ወንድምአገኝ