የታችኛው ክፍል ካርዶች

ጥቅምት 4

ዝናብ። ታክሲ ጠፍቶ ግማሹን መንገድ በእግሬ። ስደርስ ካልሲዬ ሳይቀር ርሶ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ዋልኩ።

ጥናቱ ዛሬ ተጀመረ። ለራሴም ላስረዳው እስኪ... ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች የሚተኙባቸው ሁለት ክፍሎች አሉ፤ አንዱ ላይኛው ፎቅ፣ አንዱ ታች። በአንዱ ክፍል አልጋዎች ግርጌ ባለ ሦስት ቀለም ካርድ ይሰቀላል። ነርሷ በየአራት ሰዓቱ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ሙቀትና ደም ግፊት ለክታ ነጥብ ታደርጋለች። ነጥቡ ቀዩ ላይ ካረፈ ሐኪም ወዲያው ይጠራል። ሌላው ክፍል እንደ ድሮው ይሠራል። ከስድስት ወር በኋላ ሁለቱ ይነጻጸራሉ፤ ማንም ሳያውቅባቸው የደከሙና የሞቱ በየትኛው ክፍል ይበዛሉ? ካርዱ ከጠቀመ በሆስፒታሉ ሁሉ ይሰቀላል። የእኔ ድርሻ መዝገብ ማገላበጥና መቁጠር ብቻ። መንካት የለም፣ መምከር የለም።

ካርዱ ለየትኛው ክፍል ይድረስ የሚለው በዕጣ ሆነ። ሁለት ወረቀት ኮፍያ ውስጥ ተጣለ። ጥናቱን የሚመራው ዶክተር «አንቺ አውጪ» አለኝ። አወጣሁ። ላይኛው።

የታችኛው ክፍል ኃላፊ ሻለቃ ናቸው። ሴት ነርስ እንጂ ወታደር አይደሉም፤ ስሙ ከአረማመዳቸው የመጣ ነው። መርፌ መውጋት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ወገቤ እምቢ ብሎኝ ነርስነቱን ስተወው ከልባቸው ያዘኑልኝም እሳቸው ብቻ። ዕጣው ሲወጣ ወረቀቷን ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አይተው መለሱልኝ።

ጥቅምት 22

እሑድ። አባዬ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ሸለብ ሲያደርገው ትንፋሹን ስቆጥር ያዘኝ። «ምን ታፈጪብኛለሽ? ገና አለሁ» አለ። በደቂቃ ዐሥራ ስድስት። ለሰባ አራት ዓመት ሰው ምን ይላል። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው አሁን ከሶፋው የሚነሣው ለዜና ብቻ ነው።

ልማድ ሆነብኝ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውንም ሰው እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ሰድበው ያወርዱኛል።

ኅዳር 12

ታች ክፍል፣ አልጋ ስድስት። ልብስ ሰፊ ናት፣ የሦስት ልጆች እናት። አንጀቷን ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ሦስተኛ ቀኗ። ጠዋት ሳልፍ አተነፋፈሷ ፈጠን ያለ መሰለኝ። ቆሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ ሁለት። ብዙ ነው፤ በጣም ብዙ።

ለነርሶቹ «እስኪ እቺን እዩዋት» ማለት ምን ይከብዳል? መንካት የለም፣ መምከር የለም... አንድ ሁለት ደቂቃ ቆሜ ወደ መዝገቤ ሄድኩ።

ኅዳር 13

ሞታለች።

መዝገቧን አገላበጥኩ። ትንፋሿ የተጻፈው አንድ ጊዜ፤ ሃያ ይላል። የሁሉም ሰው መዝገብ ላይ ሃያ ነው የሚለው። ሳይቆጥሩ የሚጽፉት ቁጥር ነው፤ እኔም ነርስ ሳለሁ ጽፌዋለሁ። ቅጼ ላይ «ሳይታወቅ የደከመ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግኩ። ውሸት ነው። ታውቆ ነበር። እኔ አውቄ ነበር።

ባሏ ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን በፌስታል ይዞ ቆሟል። የት እንደሚሄድ የጠፋው ይመስላል። ሻለቃ ክንዱን ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጡት። እኔ በሌላው በር ወጣሁ።

ኅዳር 27

ከታችኛው ክፍል መዝገቦች ሰባቱ ጎደሉኝና ፍለጋ የአንሶላውን ቁም ሣጥን ከፈትኩ። ካርዶች! በራጅ ፖስታ ጀርባ ላይ በማስመሪያ ተሠምረው፣ በልጆች የቀለም እርሳስ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀቡ። ሃያ ሁለት ናቸው፤ ለሃያ ሁለት አልጋ። ነጥቦቹም አሉ። በየአራት ሰዓቱ፣ አንድ ሳይዘለል።

ሻለቃ ከኋላዬ ቆመዋል። ሲመጡ አልሰማኋቸውም። ለዶክተሩ መንገር እንዳለብኝ፣ ሁለቱም ክፍል ካርድ ካላቸው ጥናቱ ገደል እንደሚገባ ነገርኳቸው። ሽንጤን ገትሬ ነው የተናገርኩት፤ ምን እንደነካኝ እንጃ።

«ጥናት ቢበላሽ ይደገማል» አሉ። «እሷስ ትደገማለች?»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«የዚያን ቀን አጠገቧ ቆመሽ አይቼሻለሁ። ይቺ ልጅ ታውቃለች፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት፤ ክፉ ነገር ብታይ ዝም አትልም አልኩ። ዝም ብለሽ ስትሄጂ ደህና ናት ብዬ አለፍኩ።»

እሳቸው አላወቁም ብዬ... ደህና ናት ያሉት እኔን አይተው ነው። ያሳሳታቸው የእኔ ዝምታ ነው።

ቁም ሣጥኑን ዘጋሁት። ለማንም አልናገርም።

ታኅሣሥ 29

በዚህ ወር ታች ሳይታወቅበት የደከመ ሰው፦ አንድ። ባለፈው ወር አምስት ነበሩ። ደስ አለኝ። ደስ ይበለኝ እንጂ! አራት ሰው ማለት አራት ቤት ነው።

ጥር 18

ዶክተሩ ታችኛውን ክፍል ሊጎበኝ መጣ። ደረጃው ላይ ድምፁ ሲሰማ ካርዶቹ ከየአልጋው ተለቃቅመው ቁም ሣጥን ገቡ፤ አስተማሪ የመጣባቸው ተማሪዎች! አንድ ሽማግሌ ታማሚ ነገሩ ገብቷቸው የራሳቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ወሸቁት። ሻለቃ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ ሐውልት ቆሙ። ሽንት ቤት ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሳቄ ነው?

መጋቢት 3

ቁጥሮቹን ኮምፒዩተር ላይ ሳስገባ ዋልኩ። የላይኛው ክፍል የሞት ቁጥር አሽቆልቁሏል። የታችኛውም እኩል አሽቆልቁሏል። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ መስመሮች ተጠጋግተዋል።

አሁን ነው የገባኝ። ልዩነት ከሌለ ካርዱ ምንም አልጠቀመም ይባላል። እስከዛሬ ምን አስቤ ነው? አላሰብኩም። መናገር አሁን ነው... አራቱ ቤቶች ትዝ አሉኝ። ኮምፒዩተሩን አጠፋሁ።

ሚያዝያ 11

ስብሰባ። ዶክተሩ ሁለት ዓመት የለፋበትን ወረቀት በእጁ አንከባሎ ይዞ፣ ልዩነት አልተገኘም አለ። ታች የሞት ቁጥር ለምን ቀነሰ ሲባል፣ እየተጠኑ መሆናቸውን ስላወቁ ተጠንቅቀው ይሆናል አለ። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ለመወሰን ብዙ አልቆየም፤ ነርሶቹ ላይ ያለ ጥቅም ሥራ መጨመር አይገባም፣ የላይኛው ክፍል ካርዶች ይሰብሰቡ አለ።

ሻለቃ ጠረጴዛውን ያያሉ። እኔ እስክሪብቶዬን። ማናችንም ቀና አላልንም።

ሚያዝያ 25

ላይኛው ፎቅ፣ የፖስታ ቤት ጡረተኛ። ቆሽቱ ተቀዶ አራተኛ ቀኑ ነበር። ካርዱ ከተነሣ ዐሥራ አራተኛ ቀኑ። ጠዋት ቁርስ ይዘው ሲመጡ ሞቶ አገኙት። ጥናቱ ስላለቀ መዝገቡን መክፈት ሥራዬ አልነበረም። ከፈትኩት። ሃያ ይላል።

ሚያዝያ 27

መጀመሪያ ለሻለቃ ነገርኳቸው። ለዶክተሩ ልናገር ነው፤ ካርዱ እንደሚሠራ ካወቀ ሁለቱም ቦታ ይሰቅለዋል አልኩ።

«ልጅነትሽ» አሉኝ። «ለላይኛው ልታስመልሺ የታችኛውን ልትወስጂብኝ ነው።»

«አይወስዱትም፣ ሲስተር።»

ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉ። አትናገሪ አላሉኝም። ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢሉኝ እተወው ነበር ይሆን?

ሚያዝያ 28

ተናገርኩ። ስለ ቁም ሣጥኑ፣ ስለ አልጋ ስድስት፣ ስለ ሠላሳ ሁለቱ፣ አንድ ሳላስቀር። ዶክተሩ ይጮህብኛል ብዬ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«ስድስት ወር ሙሉ» አለ፣ «ካርድን ከካርድ ጋር ነዋ ሳነጻጽር የከረምኩት።»

ታዲያ አሁን እንደሚሠራ እናውቃለን አይደል አልኩት። እናምናለን እንጂ አናውቅም አለኝ። ለሥራ አስኪያጁ እምነት ይዞ መሄድ አይቻልም፤ ቁጥር ይፈልጋል። ያለው ቁጥር ደግሞ ተበላሽቷል። ማን አበላሸው ብሎ አልጠየቀኝም።

ግንቦት 15

ደብዳቤው መጣ። ጥናቱ ከዜሮ ይጀመራል። ካርዱ ላይኛው ክፍል ይመለሳል። ታችኛው ያለ ካርድ ይቀጥላል፤ በዚህኛው ዙር ተቆጣጣሪ ይመደብበታል። ሻለቃ ጡረታ እስኪወጡ ልብስ ማጠቢያ ተዛውረዋል። እኔ ተሰናብቻለሁ፤ ወደ ሁለቱም ክፍል እንዳልገባም ተጽፏል።

ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ሃያ ሁለቱን ካርዶች በጆንያ ይዘው ሲወርዱ ደረጃው ላይ ተላለፍን። የአልጋ ዘጠኙ ከላይ ነበር። ታማሚው አናጢ ነው። ነጥቡ ከትናንት ጀምሮ ወደ ቀዩ እየወጣ ነው። ሮጬ ላይኛውም ታችኛውም ሳልል መጀመሪያ ላገኘኋት ነርስ ነገርኩ፤ እሺ አለችኝ። አየችው? እንጃ። ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ነበር፤ አላስገባኝም።

የላይኛው ክፍል ሰዎች ይድናሉ እላለሁ። ደጋግሜ እላለሁ። የታችኞቹ ለስድስት ወር... ይሄን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ግንቦት 16

አባዬ ምን ሆነሻል አለኝ። ነገርኩት። ሰምቶኝ፣ እውነት አይደል የተናገርሽው አለ። አዎ አልኩ። ታዲያ ለምን ታለቅሺያለሽ አለኝ። እኔ ምን አውቄ።

ግንቦት 19

ልብስ ማጠቢያው ከሕንጻው ጀርባ ነው፤ እዚያ መግባት አልተከለከልኩም። ሻለቃ ብቻቸውን ያጥፋሉ። ሰላም ስላቸው በአንገታቸው ብቻ መለሱ። ከፊታቸው ያለውን አንሶላ ሁለት ጫፍ ያዝኩ። አልከለከሉኝም። ስድስት ሰባት አንሶላ አጠፍን።

ረጅም ይቅርታ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ውሃ በላው። «ይቅር ይበሉኝ» ብቻ ወጣኝ።

«ባትናገሪም ትጠየቂ ነበር» አሉ። «ተናግረሽም ያው ነው።» ቁጣ የለባቸውም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከደረቀው ክምር ብርድ ልብስ ሳቡ። ብርድ ልብስ ወደዚህ የሚወርደው አልጋ ሲለቀቅ ብቻ ነው። ጥጉን ገልብጠው ቁጥሩን አዩና ቆሙ። ታች ክፍል፣ ዘጠኝ።

«ወጥቶ ነው?» አልኩ።

«ወይ ወጥቶ ነው...» አሉና ተዉት።

የሚነግረን ሰው አልነበረም። እሳቸው አንዱን ጫፍ፣ እኔ አንዱን ጫፍ ይዘን አጠፍነው።