ባለቤቴን በሕይወት ላቆዩልኝ ጓድ ሊቀመንበር

አሰበ ተፈሪ፣ ጥቅምት 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ የበረራ ጉዳይ አጣሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣

ክቡር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ እርስዎንም መላ ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነትና በጠራ ሰማይ ሥር እንድታገኛችሁ አላህን እለምናለሁ። ጋዜጣ ስለማይቀበላት በቀበሌያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌያታለሁና፣ ከሕዝቡ ኋላ ቢያነቧት አይቀየሙኝ።

እኔ የዚህ ከተማ መምህርት ረዲያ ሐሰን ነኝ። ባለቤቴ አብዱላሂ ሙሜ አዲስ አበባ ዓይኑን ታክሞ፣ የመኪናው መንገድ ያንገጫግጭሃል ስለተባለ በአውሮፕላን በድሬዳዋ በኩል ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በክረምቱ ጉም ውስጥ ለማረፍ ዝቅ እያለ የነበረው አውሮፕላን ከሂርና በላይ ካለው ተራራ ጋር ተላተመ። ይህን ያዩት ሬሳውን በእጃቸው የለቀሙት የተራራው ገበሬዎች ናቸው። እርስዎ ግን አውሮፕላኑ በአየር ጠባይ ምክንያት ዘግይቷል ብለው በማኅተም አረጋገጡልኝ። ስለዚህ ቸርነትዎ እያመሰገንኩ ጥቂት ችግሮቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ባል የሞተባት ሙስሊም ሴት በቤቷ ተወስና የሐዘን ጊዜዋን፣ ኢዳን፣ ትቀመጣለች። እኔም ተቀምጬ ነበር፤ ነገር ግን ባልሽ ሳይሞት ምን ያስቀምጥሻል ተብዬ ወደ ሥራ እንድመለስ ታዘዝኩ፤ ለቅሶ የመጡት ጎረቤቶቼም ወሬ አናፋሾች ተብለው ተበተኑ። ከማልቀስ ድካም ስላዳኑኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

2ኛ. ባለቤቴ በሕይወት ስላለ፣ ከቀበሌ ስብሰባ በተደጋጋሚ በመቅረቱ ማስጠንቀቂያ ተጽፎለታል። እኔ ተቀብዬለታለሁ። መልሱን ራሱ እንዲሰጥ ያለበትን ቢጠቁሙኝ።

3ኛ. ገበሬዎቹ ሟቾቹን በአንድ ጉድጓድ ቀብረዋቸዋል፤ ቦታውን አሁን ወታደር ይጠብቀዋል። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም በድሪ፣ በመቃብሩ ላይ የሟች ስግደቱን፣ ሶላተል ጀናዛን፣ ልስገድለት ብሎ ቢሄድ፣ እዚህ የተቀበረ ሰው የለም ተብሎ ከኬላው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በድሪ ግድግዳውን እያየ ይውላል።

ክቡር ሆይ፣ ካሳም ይቅርታም አልጠየቅኩም። የምለምነው ሞቷል እንዲሉኝ ብቻ ነው። እንደማይሉኝም አውቃለሁ፤ ይህችን የጻፍኩት ተስፋ ኖሮኝ ሳይሆን፣ ዝም ብዬ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው።

ከአብዮታዊ ሰላምታና ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣
ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣ ሚስትም መበለትም መሆን ያልተፈቀደልኝ ታዛዥዎ፣
ረዲያ ሐሰን

ማሳሰቢያ፦ በሚቀጥለው ሳምንት እርስዎም በአውሮፕላን ወደ ድሬዳዋ እንደሚመጡ ሰምተናል። በሰላም ይግቡ። ምናልባት ክፉ ቢገጥምዎ ግን ለባለቤትዎ ከወዲሁ ይንገሯቸው፤ በእናንተ ሕግ ባል ይዘገያል እንጂ አይሞትም።