ወንድሜን ስለገደለው ኢሜይል

በደብረ ታቦር የስደተኛ ቤተሰቦች መልእክት ማገናኛ ጽሕፈት ቤት ለተከበሩ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? በዚህ ብርድ ወገብዎን እንዳያምዎ፣ ወንበርዎም እንዳይነቃነቅብዎ ምኞቴ ነው። እኛ ቤት ከሐዘን በቀር ሁሉ ደህና ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ውለታዎ ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

1ኛ. የቢሮዎ ኮምፒውተር ኢንተርኔት የሚከፍቱበት ብራውዘሩ ለሌባ በር የሚከፍት ጉድለት እንዳለበትና መታደስ እንደሚገባው በየጠዋቱ ሲያሳስብዎ፣ ዓመት ሙሉ «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለውን እየተጫኑ ስላሳዩት ትዕግሥት አመሰግናለሁ። የኮምፒውተር ባለሙያው አቶ ፈንታሁን ደጋግመው ቢያስጠነቅቁዎም፣ እድሳቱ ሥራ ያስፈታል ብለው መመለስዎን ሰምቻለሁ። እውነትም ሥራ አልተፈታም፤ ሌባው እንኳ ሲሠራ ከረመ።

2ኛ. ሌባው የላከውን ኢሜይል ስለከፈቱለት ሳያመሰግንዎ አይቀርም። በዚያው ገብቶ የየቤታችንን ጉዳይ ካነበበ በኋላ፣ በሳዑዲ በረሃ ግመል የሚጠብቀው ወንድሜ ዩኑስ በመኪና አደጋ መሞቱንና ለአስከሬኑ ማጓጓዣ ገንዘብ እንደሚያስፈልግ በእናንተው አድራሻና ማኅተም ጻፈልኝ። የዩኑስ ስልክ አልሠራ ቢለን ሽማግሌዎች ሊያጣሩ ቢሮዎ ድረስ መጡ። እርስዎም ኮምፒውተሩን እንኳ ሳያዩ፣ ከእኛ አድራሻ የወጣ ሁሉ እውነት ነው ብለው አሰናበቷቸው።

3ኛ. ሽማግሌዎቹ እንደ ወጋችን ጎሕ ሲቀድ መጥተው መርዶውን ለእናቴ ነገሯት። ጎረቤታችን እትየ ዝናሽ ደግፋ ብትይዛትም፣ እናቴ አሚና ደረቷን እንደያዘች ወደቀችና በዚያው ቀረች። ቀብረናት ስንመለስ ዩኑስ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ወጥቶ ደወለ። ወንድሜ በሕይወት ስላለ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አልቻልኩም።

4ኛ. «መጠነኛ የቴክኒክ ችግር አጋጥሞ ተስተካክሏል» የሚለውን ማስታወቂያ በርዎ ላይ አንብቤዋለሁ። እናቴ በዚያች «መጠነኛ» ችግር ውስጥ መካተቷን ስላሳወቁን ከልብ አመሰግናለሁ።

ለደከሙበት ሁሉ ፈጣሪ የእጅዎን እንዲሰጥዎ በየሶላቴ የምለምን፣

የአሚና ልጅ፣ የዩኑስ እህት፣ አክባሪዎ
ሂክማ ይማም

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የእናታችንን ሞት ለዩኑስ ብነግረው አላመነኝም። «ይሄም የዚያው ሌባ ሥራ ነው» ይላል። አሁንም እየደወለ እማየን አቅርቢልኝ ይለኛል። ስልክ ቁጥሩን ከዚህ ጋር አያይዤልዎታለሁና እባክዎ እርስዎ ይንገሩት።