ግዝቱ ያልጠራው ኪኒን

ልጄ እስከዳር፣ የሰው አገር አየር ይስማማሽ፤ ሚካኤል በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እኛ ደኅና ነን። ጤፉ ታጭዷል፤ ላሟም ወልዳለች።

የወንድምሽን የታዲዮስን ነገር ግን ልንገርሽ። በንስሐ አባታችን ተገዝቶ አረቄ ከተወ ይኸው ዓመት አለፈው። ክረምት ላይ ሲያርስ ወገቡን ቢያመው ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ዶክተሩ "ከዚህ በፊት መጠጥ ያዘወትር ነበር ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። ጎረቤት አጠገባችን ተራ ይጠብቅ ነበርና አፍሬ "ኧረ ቀምሶም አያውቅ" አልኩት። ለዐሥር ቀን የሚሆን የሕመም ማስታገሻ ሰጠው። በአራተኛው ቀን አለቀ።

አሁን ወገቡ ድኗል፤ ነዶ ሲሸከም በዓይኔ አይቻለሁ። ኪኒኑን ግን አልተወም። ማርቆስ ያሉት መድኃኒት ቤቶች ቢከለክሉት ሊገዛ ደምበጫ ድረስ ይሄዳል። ገበያ ነበርኩ ይለኛል፤ የሚመለሰው ባዶ እጁን ነው። ስቆጣው "እማዬ፣ የተገዘትኩት ለአረቄ ነው፤ ይኼ የሐኪም ነው" ይላል። ዓይኑ ግን ያው የአረቄ ጊዜ ዓይኑ ነው።

አንቺንም ሳልጠረጥር አልቀረሁም። በሰው የላክሽለትን የጫማ ጥቅል ስፈታ አብሮት ባለው ካልሲ ውስጥ ያንኑ የመሰለ ኪኒን አገኘሁ። አሞኛል ብሎሽ፣ አዝነሽለት ይሆናል። እሱ ሳያይ አንስቼዋለሁ።

ሰኞ ዶክተሩ ዘንድ ሄጄ የዋሸሁትን እናገራለሁ። አንቺም እባክሽ ከእንግዲህ አትላኪለት፤ ምን ያህል ጊዜ እንደላክሽም ሳትሸሽጊ ንገሪኝ። መደበቁን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አትከተይኝ።

በወጣሽበት በደኅና ያግባሽ።

እናትሽ ወለተ ሐዋርያት